ለብቻዎ ሲሆኑ ምን ይሰማሉ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከአንድ አንጋፋ ሳክስፎን ተጫዋች ጋር አምባሳደር አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀጣጠርን። 22 ጥያቄ በደብተር ጽፌ ሄጃለሁ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩና መቅጃውን ከፈትኩ። የመጀመሪያዋን ወረወርኩ። «ጋሼ፣ በሙዚቃዎ ላይ ተጽዕኖ ያሳደረብዎ ማን ነው?»

ማኪያቶአቸውን አማሰሉ። «ጆን ኮልትሬን» አሉ። ቆየት ብለው «ማይልስ ዴቪስ»። አሁንም ቆየት ብለው «ቻርሊ ፓርከር»። ቀበሌ ቀርቦ የቤተሰቡን ስም የሚያስመዘግብ ሰው ይመስሉ ነበር። እኔም እንደ ቀበሌው ጸሐፊ አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ቅጂውን ስሰማው 40 ደቂቃ ሙሉ የማንኪያ ድምፅ ነው። በማንኪያው መሃል የታላላቅ ሰዎች ስም። ስለ እሳቸው አንዲትም ነገር የለችም። ጽሑፉን ተውኩት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ የጃዝ ሰው ምን ይበል? ጎረቤቴ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረው ዘፈን ይበል? ሰው እንግዳ ፊት ሲቀርብ የክት ልብሱን ነው የሚለብሰው። ኮልትሬን የጃዝ ሰው የክት ልብስ ነው። ውሸት አይደለም። ግን በየቀኑ አይለበስም።

ሰውዬውን ግን አልተውኳቸውም። ያኔ ጊዮን ሆቴል ግቢ ውስጥ ወደነበረው የሙላቱ አስታጥቄ ክለብ፣ አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅ፣ ብቅ እል ነበር። አንዳንድ ማታ እሳቸውን ጥግ ላይ አገኛቸዋለሁ። ወጣቶቹ ሲጫወቱ እሳቸው ይሰማሉ። ሰው ጥሩ ሲነፋ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሲያበዛ ደግሞ ብርጭቋቸውን ማየት ይጀምራሉ። አንድ ማታ አብረን ወጣን። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነው። ታክሲ የለም። ያለውም የጠራው ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። የእሳቸው ቤት ፒያሳ ነው፣ የእኔም ከዚያ ብዙ አይርቅም። «እግር አለን አይደል» አሉና በስታዲየም አድርገን ወደ ለገሃር ወረድን።

ለገሃር ስንደርስ ከኪሳቸው የተጠላለፈ ኢርፎን አወጡ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፣ አንዱን ለራሳቸው አደረጉ። «ማን እንደሆነ ንገረኝ» አሉ።

ሳክስፎን ነው። ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሐረጉን ጀምሮ ይቆርጠዋል፣ ደግሞ ከላይ ይመለስበታል። ከሥር ያለው ባንድ ምንም እንዳልሆነ ያዘግማል። እኔ ደግሞ ጃዝ አዋቂ ነኝ ባይ ነኝ። ትንሽ ካሰብኩ በኋላ በሙሉ ልብ «አልበርት አይለር» አልኩ። ዝም ሲሉኝ «ካልሆነም ኦርኔት ኮልማን» ብዬ ጨመርኩ። ሁለቱም ከደንቡ የወጣውን ጃዝ፣ ፍሪ ጃዝ የሚባለውን፣ የሚነፉ አሜሪካውያን ነበሩ።

ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ካለው የድንጋይ አንበሳ ፊት ደርሰን ነበር። ቆሙ። ሳቃቸው መንገዱን ሞላው።

«ጌታቸው መኩሪያ ናቸው» አሉ።

ይብስ ብሎ ሲዲው ቤቴ አለ። ኢትዮፒክስ ከሚባለው የፈረንሳዮቹ ተከታታይ 14ኛው ነው። መደርደሪያዬ ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። ኢርፎኑ በአንድ ጆሮ ስለሆነ ነው ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። አልሰሙኝም። «አንተ ልጅ፣ ሽለላ አታውቅም? ሲፎክር አይሰማህም?» አሉና በባዶው አደባባይ «ዘራፍ!» ብለው አቅራሩ። ማዶ ካለው ሕንፃ ጥበቃው ዱላውን ይዞ ወጣ።

ነገሩን በኋላ ሳጣራው እሳቸው ልክ ነበሩ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጌታቸው በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ነክተዋል። ከዚያ ክላርኔትና ሳክስፎን ያዙ። በማዘጋጃ ቤት ባንድ ሠርተዋል፣ እዚሁ አንበሳው አጠገብ ባለው ቴአትር ቤት ሠርተዋል፣ በፖሊስ ኦርኬስትራም ሠርተዋል። በ1950ዎቹ ሽለላን ከድምፃዊው ጉሮሮ አውጥተው ሳክስፎን ውስጥ አስገቡት። አይለር የመጀመሪያ ሸክላውን የቀዳው በ1962 ነው። የፈረንጅ ጃዝ ወዳዶች ጌታቸውን ሲሰሙ «ፍሪ ጃዝ ነው» ማለታቸው አይገርምም። ጆሯቸው ያለው እዚያ ነዋ። የእኔ ግን ይገርማል። አያቴ በሠርግ ላይ ሲፎክሩ እግራቸው ሥር የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ጌታቸው መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ሲወጡ ፎቶአቸውን አይቻለሁ። ከዚህ በላይ እንዴት ይንገሩኝ?

ይህ «ማን እንደሆነ ንገረኝ» የሚባለው ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ሌናርድ ፌዘር የሚባል ጸሐፊ በ1940ዎቹ ጀመረው። ሙዚቀኛ ያስቀምጣል፣ ሸክላ ያጫውታል፣ የተጫዋቹን ስም አይናገርም። ሙዚቀኛው ይገምታል፣ ኮከብ ይሰጣል፣ ያደንቃል ወይም ይሳደባል። ዳውንቢት መጽሔት ቋሚ ዓምድ አደረገው። በ1951 ትራምፔት ተጫዋቹ ሮይ ኤልድሪጅ «ነጭና ጥቁር ሙዚቀኛን በጆሮዬ እለያለሁ» ብሎ ተቀመጠ። አልሆነለትም፣ አብዛኛውን ሳተ። ማይልስ ዴቪስ በ1964 ሲቀመጥ ደግሞ ብዙዎቹን አልማረም። እጅግ የሚያከብረው ዱክ ኤሊንግተን ያለበትን ሸክላ ሳይቀር አጣጣለ።

እነዚህን ገጾች ሳነብ ደስ የሚለኝ ግምቱ አይደለም። ሰውየው ስም ሲወሰድበት የሚያወራው ወሬ ነው። ስሙ የክት ልብስ ነው ብያለሁ። እሱ ሲወልቅ «ይሄ ሰውዬ እናቴ ቤት ይሰማ የነበረውን አስታወሰኝ» ዓይነት ነገር ይመጣል።

ከዚህ ዓይነቱ ሁሉ የምወደው የሉዊስ አርምስትሮንግን ነው። አርምስትሮንግ ማለት የጃዝ አባት ነው፣ ማንም አይከራከርም። የሚወደው ባንድ ደግሞ የጋይ ሎምባርዶ ነበር። የሎምባርዶን ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ለስላሳ የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ስኳሩ የበዛ ሻይ። የጃዝ ሰዎች በሙሉ የሚሳለቁበት። በአራዳ ቋንቋ ፋራ ነው። አርምስትሮንግ ግን አልደበቀም፣ ሲጠየቅ ደጋግሞ አመሰገነው። ልጅ እያለም የኦፔራ ዘፋኞች ሸክላ ነበረው፣ ካሩሶን ጨምሮ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቀስ ያሉ ዘፈኖቹን ስሰማ ያ ስኳር ምላሴ ላይ ይመጣል። ኖታውን ከፍ አድርጎ ይዞ ሲያቆየው ደግሞ ኦፔራው ይታየኛል። ሁሉም ቀድሞ እዚያው ነበሩ። እኔ ነኝ ያልቀመስኳቸው።

ቻርሊ ፓርከርም እንዲሁ ነው። ሳንቲም የሚበላ የሸክላ ማጫወቻ ካገኘ ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ያስጫውት ነበር ይባላል። ጓደኞቹ አፈሩ። «ታሪኩን ስሙት» አላቸው አሉ። በ1951 ደግሞ የክላሲካል ሙዚቃ አቀናባሪው ስትራቪንስኪ በርድላንድ የሚባለው የኒው ዮርክ ክለብ መጥቶ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ፓርከር በሚያስደነግጥ ፍጥነት እየነፋ ከስትራቪንስኪ የራሱ ሥራ አንዲት ቁራጭ ሶሎው ውስጥ ሻጥ አደረጋት ይባላል። ሽማግሌው በደስታ የያዘውን መጠጥ አፈሰሰ ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ታሪኩ ግን ፓርከርን ይመስላል። ካንትሪም ስትራቪንስኪም አንድ ኪስ ውስጥ።

የኒው ዮርክ ጃዝ ሰዎች ወዳጅ የነበረችው ባለጸጋዋ ፓኖኒካ ደግሞ የተሻለ ጥያቄ ነበራት። ወደ 300 ለሚሆኑ ሙዚቀኞች «ሦስት ምኞት ቢሰጥህ ምን ትላለህ?» አለቻቸው። መልሶቹን ጻፈች። ቴሎኒየስ መንክ በሙዚቃው እንዲሳካለት፣ ደስተኛ ቤተሰብ እንዲኖረው፣ ሦስተኛ ደግሞ እንደ እሷ ያለች እብድ ጓደኛ ተመኘ። የእኔ 22 ጥያቄዎች ይቺን አንዷን አይመዝኑም።

ወደ ማታው ልመለስ። ቸርችልን ሽቅብ ጀመርን። እሳቸው ሽቅብ ላይ አያወሩም፣ ትንፋሽ ይቆጥባሉ። የነፊ ልማድ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ፣ መድፉ ጋ ስንደርስ አረፍ አልን። እዚያ ስለ ሙላቱ አነሳሁ።

ሙላቱን ሁሉም ያውቃቸዋል። በ1943 ጅማ ተወለዱ። ኢንጂነር እንዲሆኑ ዌልስ ተላኩ። ለንደን ላይ ሙዚቃ ወሰዳቸው። ከዚያ ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ሁለት አልበም አወጡ፣ ኮንጋውና የላቲን ምቱ ከእኛ ቅኝት ጋር የተጋባበት። የሕይወት ታሪካቸው የትም አለ። ሰውየውን የማገኛቸው ግን ስለ ደራሼዎች ሲያወሩ ነው። ቃለ ምልልስ ላይ ስለ በርክሊ ይጠየቃሉ። መልሱ ዞሮ ዞሮ ደቡብ ይገባል፣ ዋሽንት የሚነፉ ደራሼዎች ጋ። የአውሮፓ አቀናባሪዎችና የጃዝ ሰዎች የተራቀቁበትን ዲሚኒሽድ ስኬል የሚባል የድምፅ አሰላለፍ ደራሼዎች ከጥንት ጀምሮ ይጫወቱት ነበር ይላሉ። ስንቴ እንደተናገሩት አልቆጠርኩም። የሙዚቃ ሊቃውንት በጉዳዩ ይከራከሩ። እኔን የያዘኝ ድምፃቸው ነው። ስለ በርክሊ ሲያወሩ መምህር ናቸው፣ ስለ ደራሼ ሲያወሩ ግን ዘመዱን የሚያስተዋውቅ ሰው ናቸው።

«ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ አብረውት ነበሩ» አልኳቸው ለጋሼ። እንደ አዲስ ወሬ። «ጃንሆይ ሸልመውታል። የሙላቱንም ቅንብር ባንዱ ተጫውቶታል።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያን ሰሞን እኔ ምን እሰማ እንደነበር ልንገርህ?»

አልጠየቅኳቸውም። ልብ በሉ። ስድስት ወር ስጠይቅ የነበረውን ሳልጠይቅ ሊነግሩኝ ነው።

«ወርዲን» አሉ።

የሱዳኑን ድምፃዊ ሞሐመድ ወርዲን። አባታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፣ በሁመራ በኩል ሰሊጥ ይጭናሉ። ከዚያ አንድ ሬዲዮ ይዘው መጡ። ማታ ማታ ሬዲዮው የሱዳኑን ጣቢያ፣ ኦምዱርማንን፣ ይስባል። ጋሼ አፋቸውን አሹለው አሰሙኝ። «ሁና ኦምዱርማን!» «እዚህ ኦምዱርማን ነው» ማለት ነው። አረብኛ ከዚህ ውጪ አያውቁም ነበር። ግን ዜማው የራሳቸው መሰላቸው። ባለ አምስት ድምፅ ነው፣ እንደ እኛው። ቫዮሊኖቹ በአንድ ላይ ይሄዳሉ፣ ከሥር አኮርዲዮን አለ። ልጁን የያዘው አኮርዲዮኑ ነው። «ወናፉ ሲከፈት ትንፋሽ ይሰማሃል» አሉኝ። «ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ትንሽ አየር አለች። እሷን ነው የምወዳት።»

«ታዲያ ካፌው ውስጥ ለምን ኮልትሬን አሉኝ?»

«አንተ ጃዝ ጠየቅኸኝ። አኮርዲዮን እወዳለሁ ብልህ ምን ልትጽፍ ነው?»

እውነታቸውን ነው። አልጽፈውም ነበር። ምናልባት እሳቸው ሲነግሩኝ አንገቴን ነቅንቄ ወደ ጥያቄ ቁጥር ሁለት እሄድ ነበር። እኛ የጃዝ አድማጮች እንዲህ ነን። ሙዚቀኛው እኛ የምናውቀውን ካልወደደ አዋቂነታችን ይጎድልብናል። የድምፃውያኑ ዕጣ ከዚህ ይሻላል። አለማየሁ እሸቴ ኤልቪስንና ጄምስ ብራውንን መውደዱን ማን ጠየቀው? ፀጉሩም አለባበሱም አደባባይ ይናገሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሳቸውን የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ጋሼ ሶሎ ሲጀምሩ ምቱ ላይ አይገቡም። ትንሽ ዘግይተው ነው። ድሮ ዕድሜ ነው እል ነበር። (ይቅር ይበሉኝ።) አሁን ሳዳምጥ ግን ከኖታው በፊት አየር ትሰማለች። የሳክስፎኑ ሸንበቆ ሳትንቀጠቀጥ የምታልፍ፣ ፉት የምትል። ስህተት ትመስላለች። የአኮርዲዮኑ ወናፍ ናት። ትዝታን ሲነፉ በተለይ እያንዳንዱ ሐረግ መግቢያ ላይ አለች። 60 ዓመት የሞላው ሰው ውስጥ አንድ ልጅ ማታ ሬዲዮ ጠርዝ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ተኝቷል።

ስለ አኮርዲዮን ካነሳን ኃይሉ መርጊያም አሉ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች። በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፣ ዋሽንግተን ታክሲ ነዱ። በ1985 ለብቻቸው የቀዱት ካሴት ላይ ኪቦርዱና አኮርዲዮኑ ተደባልቀዋል። በ2013 እንደገና ታተመና ዓለም አወቃቸው። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ምንም አልገረማቸውም። «የት ይለማመድ ታዲያ?» አሉ።

ሌላም ነገር አስተማሩኝ። ሌስተር ያንግ የሚባለው ሳክስፎኒስት ግጥሙን ሳያውቅ ዘፈን መጫወት አይወድም ነበር። ይህን ነገርኳቸው፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ። «እኛ ጋ ማን ሳያውቅ ይጫወታል?» አሉኝ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። የሌሊት ክለቦቹ በራቸውን ቆልፈው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፣ የገባ ሰው አይወጣም። ሙዚቀኛውም አይወጣም፣ አድማጩም አይወጣም። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፃዊው ይደክመዋል። ያኔ ሳክስፎኑ ይቀጥላል። እሳቸው ዜማውን ሲነፉ ጠረጴዛው ሁሉ በከንፈሩ ግጥሙን ይላል። ድምፅ አያወጣም። «ከንፈራቸውን እያየሁ ነው የነፋሁት» አሉ። «ግጥሙን ያዘገየ ካለ እጠብቀዋለሁ።»

የዘገየ አገባባቸው ግማሹ ከዚህም ይሆናል። ወይም ሁለቱም። ሰው ከአንድ ነገር አይሠራም።

ማዘጋጃው አጠገብ ስንደርስ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ፒያሳ ያኔ ገና ሙሉ ነበረች፤ አሁን ያ መንገድ ሰፍቶ፣ መብራቱ በዝቶ፣ ከቤቶቹ ብዙዎቹ የሉም። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ክለብ፣ ጃዝአምባ፣ ግን ከዚያም በፊት በ2015ቱ ቃጠሎ ሄዷል። እዚያ በር ላይ ስንቴ ቆመው እንደተጫወቱ ሊነግሩኝ ጀምረው ተዉት። ይልቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ? ለብቻህ ስትሆን ምን ትሰማለህ?»

«ጌታቸው መኩሪያን» ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ አፈርኩ። እውነቱን ተናገርኩ። የሠርግ ዘፈን እሰማለሁ። ያ በአንድ ኪቦርድ የተቀዳውን፣ ከበሮው ከመሣሪያው የሚወጣውን፣ ጭብጨባው የውሸት የሆነውን። ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ። በጾምም ጭምር። ከሁሉ «አናስገባም ሰርገኛ» የሚለው ሲመጣ መጥረጊያውን ይዤ እቆማለሁ። እህቴ ስታገባ በር ላይ ቆሜ ሚዜዎቹን የከለከልኩት እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ብር ሰጥተውኝ አሳለፍኳቸው።

አልሳቁም። «ጥሩ ዘፈን ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሳቸው የሚጫወቱበት ማታ ነበር። ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። በስልኬ ላስቀረው ብዬ ቀና አድርጌ ያዝኩት፣ የሰዉ ጭንቅላት እንዳይከልለኝ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ረጅም ሶሎ ተጫወቱ። በመሃል ባስ ተጫዋቹ ድንገት ሳቀ። ከበሮ መቺውም ቀና አለ። እኔ የስልኬን ብርሃን እያስተካከልኩ ነበር።

ሲጨርሱ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ።

«ሰማሃት?»

«ምኗን?»

ስልኬን አዩት። እኔን አዩኝ።

«አናስገባም ሰርገኛ ብዬህ በር ላይ አቁሜህ ነበር እኮ» አሉ። «አንድ ብርህን አምጣ።»